ትንሿ ሃይብሪድ በምን ትመዘን? ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ጥያቄ

እንደ ልማዴ ዛሬም ረዘም ያለ ነው፤ ቡናችሁን ቀድታችሁ ብትቀመጡ ይሻላል።

ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ በዛብኝ። "ቲቸር፣ ለከተማ የምትሆን፣ ዋጋዋ የማይጎዳ፣ ነዳጅ የማትጠጣ ትንሽ መኪና ፈልጌ ነበር። ያገለገለች ፕሪየስ ሲ አግኝቻለሁ፤ ልግዛት ወይስ ይቅርብኝ?" ይህን የምትሉኝ አብዛኞቻችሁ እዚህ ዋሽንግተንና አካባቢው ኡበርና ሊፍት የምትነዱ፣ ምግብ የምታደርሱ ናችሁ። ለእናንተ መኪና ማለት የቤት ኪራይ ነው፣ የልጅ ትምህርት ነው፣ አገር ቤት ለእናት የሚላክ ገንዘብ ነው። እኔ ደግሞ መካኒክ አይደለሁም፤ የታሪክ መምህር ነኝ። ስለዚህ የምመልሰው በለመድኩት መንገድ ነው፦ ይህቺ መኪና ከየት መጣች? ማን ፈለጋት? ማን ጣላት? ይህን ስናውቅ በምን ልንመዝናት እንደሚገባ ራሱ ግልጽ ይሆናል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ሰው ሃይብሪድ የሚባለውን ነገር የቅርብ ጊዜ የጃፓን ብልሃት ያደርገዋል። አይደለም። በ1900 ዓ.ም. ቪየና ውስጥ ሎህነር የሚባል ሠረገላ ሠሪ ድርጅት ነበር። እዚያ ተቀጥሮ የሚሠራ ፈርዲናንድ ፖርሽ የሚባል በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ያለ ወጣት መሐንዲስ፣ አዎ፣ በኋላ ቮልስዋገንን የነደፈው ሰውዬ፣ አንድ ችግር ገጠመው። የዚያን ዘመን የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪዋ ከባድ ነው፣ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ታዲያ ምን አደረገ? ሁለት ትንንሽ የቤንዚን ሞተሮች ጫነባት። ሞተሮቹ ጎማ አያዞሩም፤ ሥራቸው ጄኔሬተር እያዞሩ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ብቻ ነው። ጎማውን የሚያዞረው ኤሌክትሪኩ ነው። ስሟን በላቲን "ሴምፐር ቪቩስ" አላት፤ "ሁልጊዜ ሕያው" እንደ ማለት። ሐሳቡ እንግዲህ ያኔ ተወልዷል።

ሐሳብ ተወለደ ማለት ግን ሰው ገዛው ማለት አይደለም። በ1910ዎቹ አጋማሽ ቺካጎ ውስጥ ዉድስ የሚባል ኩባንያ ቤንዚንና ኤሌክትሪክ ያጣመረች መኪና ለገበያ አውጥቶ ነበር። ቀስ ብላ ስትሄድ በኤሌክትሪክ፣ ፈጠን ስትል በቤንዚን። ዋጋዋ ግን ከ2,600 ዶላር በላይ ነበር። በዚያው ሰሞን የፎርድ ሞዴል ቲ ከ400 ዶላር በታች ይሸጥ ነበር። በዚያ ላይ ካዲላክ በ1912 ሞዴሉ የኤሌክትሪክ ማስነሻ ገጠመ፤ የቤንዚን መኪናን እጅ እስኪዝል በማኑዌላ አዙሮ ማስነሳት ቀረ። ቤንዚኑም ርካሽ ነው። ታዲያ ማን ስድስት እጥፍ ከፍሎ ዉድስን ይገዛል? ኩባንያው ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ፤ ሃይብሪድ የተሸነፈችው ስለማትሠራ አይደለም። ውድ ስለነበረች፣ ነዳጅም ርካሽ ስለነበረ ነው። ይህ ነገር ደጋግሞ ይመጣል።

ከዚያ ወደ 1970ዎቹ እንለፍ። ቪክቶር ዎክ የሚባል የኒው ዮርክ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ፣ የደራሲው የሄርማን ዎክ ወንድም፣ ከባልደረባው ጋር አንዲት ትልቅ የ1972 ቢዩክ ስካይላርክ ወስዶ ወደ ሃይብሪድ ቀየራት። የነዳጅ ፍጆታዋን በግማሽ ገደማ ቀነሰው፤ ጭሷም ለዚያ ዘመን በጣም ንጹሕ ነበር። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በራሱ ላቦራቶሪ ፈተሻት። ውጤቷ ደህና ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ ግን ፕሮጀክቱን አልተቀበለውም። የሚገርመው ይህ ሁሉ የሆነው በ1973ቱ የነዳጅ ማዕቀብ ዘመን ነው። ሰው በየማደያው ተሰልፎ እያደረ፣ መፍትሔው ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ነበር።

ሐሳቡን እውነተኛ መኪና ያደረገው ቶዮታ ነው። በ1993 "ለ21ኛው ክፍለ ዘመን የምትሆን መኪና" የሚል ፕሮጀክት ጀመሩ፤ መሪው ታኬሺ ኡቺያማዳ የሚባል መሐንዲስ ነበር። መጀመሪያ የሠሯት መኪና አልንቀሳቀስ ብላቸው ወደ ሁለት ወር ገደማ ታግለዋል። በታኅሣሥ 1997 ፕሪየስ ጃፓን ውስጥ ለሽያጭ ቀረበች፤ በ2000 አሜሪካ ገባች። ከእርሷ ትንሽ ቀደም ብሎ በ1999 መጨረሻ ሆንዳ ኢንሳይት የምትባል ሃይብሪድ አሜሪካ ውስጥ ሸጧል፤ እርሷ ግን ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ነበረች። ታክሲ አትሆንም፣ ልጅም ትምህርት ቤት አታደርስም።

አሁን አንድ ደቂቃ ስጡኝና ከተማ ውስጥ ነዳጅ የት እንደሚገባ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ተራ የቤንዚን መኪና ከቀይ መብራት ተነስታ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ ነዳጅ ታቃጥላለች። ከዚያ ቀጣዩ መብራት ይበራና ፍሬን ትይዛላችሁ። ያ ሁሉ በነዳጅ የተገዛ ጉልበት የት ሄደ? ፍሬን ሸራው ላይ ሙቀት ሆኖ ነፋስ ወሰደው። መብራቱ ላይ ቆማችሁ ደግሞ ሞተሩ በከንቱ ይዞራል። በቀን 200 ጊዜ ብትቆሙ 200 ጊዜ ገንዘብ ወደ ሙቀት ቀየራችሁ ማለት ነው። ሃይብሪድ ፍሬን ስትይዙ የኤሌክትሪክ ሞተሯን ወደ ጄኔሬተርነት ትቀይርና ከጉልበቱ የተወሰነውን ወደ ባትሪ ትመልሳለች። ስትቆሙ የቤንዚን ሞተሯን ታጠፋለች። ስትነሱ በዚያ በመለሰችው ኤሌክትሪክ ትጀምራለች። በቃ፣ ሚስጥሩ ይኸው ነው፤ ከከተማ መንገድ የሚባክነውን መልቀም።

ስለዚህ ሃይብሪድ የምትጠቅመው መቆምና መነሳት በበዛበት ቦታ ነው። አውራ ጎዳና ላይ ቀጥ ብሎ ለሚነዳ ሰው የሚለቀም ነገር ብዙ የለም። ይህን ይዘን ወደ ትንሿ መኪና እንምጣ።

ፕሪየስ ትልቅ ነበረች፣ ትንሽም ውድ። ለተራው ሰው የምትሆን ትንሽ ሃይብሪድ መጀመሪያ ያቀረበው ሆንዳ ነው፤ በጥቅምት 2010 ፊት ሃይብሪድን ጃፓን ውስጥ በ1.59 ሚሊዮን የን አወጣ። ቶዮታ በታኅሣሥ 2011 አኳን አመጣ፤ መነሻ ዋጋዋ 1.69 ሚሊዮን የን። አሜሪካ ውስጥ በ2012 ፕሪየስ ሲ ተብላ ከ19,000 ዶላር ትንሽ ዝቅ ባለ መነሻ ዋጋ የተሸጠችው ይህቺው ናት። የተሠራችበት ቦታም ታሪክ አለው። ፋብሪካው በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን በኢዋቴ ግዛት ነው፤ በመጋቢት 2011 የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ከተመቱት ግዛቶች አንዱ። አደጋው በደረሰ ባመቱ መጨረሻ ከዚያ ግዛት አዲስ መኪና መውጣት ሲጀምር ለሰዉ ትልቅ ተስፋ ነበር። በሚቀጥሉት ዓመታት አኳ ከጃፓን በብዛት ከሚሸጡት መኪኖች ግንባር ቀደሟ ሆነች።

ሥራዋ ምን ይመስላል? 1.5 ሊትር የቤንዚን ሞተር አላት፤ ከኤሌክትሪኩ ጋር ተደምሮ 99 የፈረስ ጉልበት። ክብደቷ 1,130 ኪሎ ገደማ ነው። ባትሪዋ ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው፤ የዕቃ ቦታ አይሻማም። እንደ ተራ መኪና ፍሪሲዮን የላትም፣ የተለመደው ማስነሻ ሞተርም ዲናሞም የላትም፤ ሁሉንም ሥራ ሁለቱ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ይሸፍኑታል። ጋራዥ ለሚመላለስ ሰው የሌለ ዕቃ አይበላሽም፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እንከኗም አይደበቅ። የወጣች ሰሞን የአሜሪካ ገምጋሚዎች አልወደዷትም። ድምፅ ታበዛለች፣ መንገድ ላይ ትንገጫገጫለች፣ ውስጧ ርካሽ ፕላስቲክ ነው፣ ደግሞም ዘገምተኛ ናት አሉ። እውነት ነው፤ ከቆመችበት ተነስታ 60 ማይል ለመድረስ 11 ሰከንድ ገደማ ይፈጅባታል። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ ከአዳምስ ሞርጋን ዱፖንት ሰርክል በሥራ መውጫ ሰዓት 60 ማይል የምትደርሱት የት ላይ ነው? መለኪያው ልክ ነው፤ መንገዱ ግን የእናንተ አይደለም።

በራሳችን መንገድ እንለካት እንግዲህ። በ2012 የመንግሥት መለኪያ ፕሪየስ ሲ ከተማ ውስጥ በጋሎን 53 ማይል፣ አውራ ጎዳና ላይ 46 ትሄዳለች። የዚያው ዓመት አውቶማቲክ ያሪስ፣ የቅርብ ዘመዷ ማለት ነው፣ ከተማ 30፣ አውራ ጎዳና 35። በኋላ መለኪያው ሲጠብቅ የፕሪየስ ሲ የከተማ ቁጥር 2017 ሞዴል ላይ 48 ሆኗል፤ የሂሳቡ መንገድ ግን አይለወጥም። 10,000 ማይል ከተማ ውስጥ ብትነዱ ያሪስ 333 ጋሎን፣ ፕሪየስ ሲ 189 ጋሎን ይፈጃሉ። ልዩነቱ 144 ጋሎን ነው፤ ጋሎኑ 3.50 ዶላር ቢሆን 504 ዶላር። ያንኑ 10,000 ማይል አውራ ጎዳና ላይ ብትነዱ ልዩነቱ 68 ጋሎን ብቻ ነው፤ 240 ዶላር ገደማ። ያቺው መኪና፣ ያው ርቀት፣ ጥቅሟ ግን ከእጥፍ በላይ ተለያየ። ሃይብሪዷ በ3,000 ዶላር ብትበልጥ፣ በዓመት 10,000 ማይል ከተማ ውስጥ ለሚነዳ ሰው ልዩነቱን ለመመለስ ስድስት ዓመት ይፈጃል። በዓመት 30,000 ማይል ከተማ ውስጥ ለሚነዳ የታክሲ ሰው ሁለት ዓመት። በዓመት 10,000 ማይል በአውራ ጎዳና ለሚመላለስ የቢሮ ሠራተኛ ግን ከ10 ዓመት በላይ ሊሆን ይችላል። "ሃይብሪድ ያዋጣል?" የሚል ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። "ለማን?" ብላችሁ ጨምሩበት።

ይህ "ለማን?" የሚለው ነገር ከተሞችን ጭምር ፍርድ ቤት አድርሷል። በ2007 የኒው ዮርክ ከንቲባ ማይክል ብሉምበርግ የከተማው ቢጫ ታክሲዎች በሙሉ በ2012 ሃይብሪድ ይሆናሉ ብለው አቀዱ። የታክሲ ባለንብረቶች ከሰሱ። በ2008 ፍርድ ቤቱ ዕቅዱን አገደ፤ የነዳጅ ፍጆታ መለኪያ ማውጣት የፌዴራል መንግሥት ሥልጣን እንጂ የከተማ አይደለም በሚል። ሕጉን ለሕግ ባለሙያ እንተወውና ከሥሩ ያለውን እንይ፤ ኒው ዮርክ ውስጥ መኪናውን የሚገዛው ባለንብረቱ ነው፣ ቤንዚኑን የሚገዛው ግን ተከራይቶ የሚነዳው ሾፌር ነው። አንዱ ዋጋ ከፍሎ ጥቅሙ ለሌላው ከሄደ ገዢው ለምን ይቸኩላል? ሃይብሪድ እውነተኛ ወዳጅ የምታገኘው መኪናውንም ቤንዚኑንም የሚከፍለው ኪስ አንድ ሲሆን ነው። የእናንተ ኪስ ማለት ነው።

እዚሁ ዲሲም የምታስታውሱት ነገር አለ። እስከ 2008 ድረስ የከተማው ታክሲ በሜትር ሳይሆን በዞን ነበር የሚያስከፍለው። ተሳፋሪው የሚከፍለው ባቋረጠው ዞን ልክ ነው። መንገዱ ተዘጋግቶ አንድ ቦታ 20 ደቂቃ ብትቆሙ የሚቃጠለው ነዳጅ ከሾፌሩ ኪስ ነው፤ ከሾፌሮቹም ስንቱ የእኛ ሰው እንደነበር ታውቁታላችሁ። ሜትር ሲመጣ ብዙ ሾፌሮች ገቢያችን ይቀንሳል ብለው ተቃወሙ፣ ሥራም አቆሙ። ሜትሩ ግን የመቆሚያውን ጊዜ ቆጠረ። ዛሬም በስልክ መተግበሪያ የምትሠሩ፣ ተሳፋሪ ሳትይዙ የምትዞሩበትና የምትቆሙበት ነዳጅ የእናንተው ነው። ቆማ የማትጠጣ መኪና ለማን እንደተሠራች ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም።

"ባትሪውስ ቲቸር?" ትሉኛላችሁ። ተገቢ ፍርሃት ነው። በ2011 ኮንሲውመር ሪፖርትስ የሚባለው የሸማቾች መጽሔት ከ200,000 ማይል በላይ የተነዳች የ2002 ፕሪየስ አምጥቶ፣ ከ10 ዓመት በፊት አዲስ እያለች ከፈተናት መኪና ጋር አነጻጸረ። አዲሷ በጋሎን 40.6 ማይል ሰጥታ ነበር፤ አሮጊቷ 40.4 ሰጠች። ከነመጀመሪያው ባትሪዋ። ይህ ማለት ግን ባትሪ አያረጅም ማለት አይደለም። ሙቀት ይጎዳዋል፤ ዕድሜም ይጎዳዋል። ፕሪየስ ሲ ላይ ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው አየር የሚገባው በኋላ መቀመጫው ጎን ነው፤ ያ ቦታ በአቧራና በጨርቅ ብናኝ ከተደፈነ ባትሪው ይታፈናል። ሻንጣና ካፖርት እየደረደራችሁ አትድፈኑት። የፋብሪካው የሃይብሪድ ዋስትና በአብዛኛው ክፍለ ግዛት 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ነበር። የመጨረሻዎቹ ፕሪየስ ሲዎች የ2019 ሞዴል ስለሆኑ፣ ዛሬ የምትገዟት መኪና ዋስትናዋ አልቋል ወይም ሊያልቅ ነው ብላችሁ አስቡ።

ለምን በ2019 ቆመች? እነሆ ያ የድሮ ታሪክ ተመልሶ መጣ። በ2014 አጋማሽ በርሜሉ ከ100 ዶላር በላይ የነበረ ድፍድፍ ነዳጅ በ2016 መጀመሪያ ከ30 ዶላር በታች ወረደ። አሜሪካዊው ወደ ትልልቅ መኪና ተመለሰ። ትንሿን የሚፈልጋት ጠፋ። ቺካጎ የነበረችው ዉድስ ላይ የደረሰው በእርሷም ደረሰ። ጃፓን ውስጥ ግን ሁለተኛዋ አኳ በ2021 በተሻለ ባትሪ ወጣች፤ አውሮፓም ያሪስ ሃይብሪድ ከ2012 ጀምሮ ፈረንሳይ ውስጥ እየተሠራች ትሸጣለች። እዚያ ነዳጅ ላይ ያለው ታክስ ከፍ ያለ ነው፣ ጎዳናውም ጠባብ ነው፤ ሰዉ በየሳምንቱ ማደያ ላይ ትምህርቱን ይማራል። መኪናዋ የትም ያው ናት። የተለየው ነዳጁ የሚሸጥበት ዋጋ ነው።

አገር ቤት ያላችሁም እንዳትቀሩ። አዲስ አበባ ለሃይብሪድ የተሠራች ከተማ ትመስላለች፤ ዳገት፣ ቁልቁለት፣ መጨናነቅ። ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ጉልበቱ አንድ አምስተኛ ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስምና ከፍታ አይነካውም። ቁልቁለቱ ላይም ገደብ አለ። ከእንጦጦ 500 ሜትር ያህል ብትወርዱ መኪናዋ የምታገኘው ጉልበት ትንሿ ባትሪ ከምትይዘው ይበልጣል። ግማሽ መንገድ ሳትደርሱ ባትሪው ይሞላል፤ የቀረውን ያው የድሮው ፍሬንና ሞተሩ ይሸከሙታል። ለማንኛውም በጥር 2024 መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ሲነገር፣ ሃይብሪድም ቤንዚን ስለምትጠጣ ከውጭ ቀረች። አውሮፓና ጃፓን 25 ዓመት የተሻገሩበትን ድልድይ እኛ በአንድ ዝላይ አለፍነው። ዝላዩ የሚያምረው ግን ማዶው ላይ ቻርጅ ማድረጊያና የማይቋረጥ መብራት ሲጠብቅ ነው።

እንግዲህ ልግዛት ወይስ ይቅርብኝ ላላችሁኝ፣ መልሴ ይኸው። አንደኛ፣ አንድ ሳምንት የምትነዱትን መዝግቡ፤ ስንቱ ከተማ ነው፣ ስንቱ አውራ ጎዳና? ከግማሽ በላዩ ከተማ ካልሆነ አትቸኩሉ። ሁለተኛ፣ ስለ መኪናዋ ዋጋ ብቻ አትከራከሩ፤ የባትሪ መቀየሪያ ገንዘብ ቀድማችሁ ደምሩበት፣ ከዚያም በኋላ ካዋጣች ታዋጣለች። ሦስተኛ፣ ከመግዛታችሁ በፊት የሃይብሪድ ባትሪ በመሣሪያ መፈተሽ ለሚችል መካኒክ አሳዩ፤ "ደህና ትነሳለች" ማለት ፍተሻ አይደለም። አራተኛ፣ የካታሊቲክ ኮንቨርተር ሌቦች ሃይብሪድ ይወዳሉ፤ መከላከያ ብረት አስገጥሙ፣ የምታሳድሩበትንም ቦታ አስቡ። አምስተኛ፣ በመተግበሪያ የምትሠሩ ከሆነ ከተማችሁ የምትቀበለውን የሞዴል ዓመት አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ከሁሉ በላይ ግን በዛሬ የቤንዚን ዋጋ ብቻ አትመዝኗት። ከመቶ ዓመት በላይ ይህቺን መኪና ገዢዎች ብዙ ጊዜ የጣሏት ነዳጅ በረከሰ ቀን ነው፤ የፈለጓትም በተወደደ ቀን። እናንተ ግን በሁለቱም ቀን ትነዳላችሁ። ለአምስት ዓመት የምትገዙትን ነገር በአንድ ሳምንት የማደያ ዋጋ አትፍረዱበት።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። ትንሽ ሃይብሪድ የምትነዱ ካላችሁ ከተማ ውስጥ በጋሎን ስንት ማይል እንደምታገኙ፣ ባትሪያችሁ ስንት ማይል ላይ እንዳለ ከሥር ጻፉልን። ከእኔ ሂሳብ ይልቅ የእናንተ ቁጥር ለሚገዛው ልጅ ይጠቅመዋል። ቸር እንሰንብት፤ በሰላም ንዱ።